መጽሐፍ፣ ሥልጠና፣ አማካሪ ወይስ ሽማግሌ? የመነጋገር ችሎታን ከየት እንማር

ለሥራም ለቤትም የሚሆን የመነጋገርና ግጭት የመፍታት ችሎታ መማር ለሚፈልግ ሰው አማራጩ ዛሬ ብዙ ነው። መጽሐፍ አለ፣ ኦንላይን ኮርስ አለ፣ የሁለት ቀን ሥልጠና አለ፣ የትዳር አማካሪ አለ፣ ዩቲዩቡም ሞልቷል። ከሁሉም በፊት የነበሩት ሽማግሌዎችም አሉ። ብዙ ሰው ግን የሚመርጠው በዋጋ ነው፣ ወይም ጓደኛው የሄደበት ስለሆነ ይሄዳል። ሥልጠናውን ጨርሶ ሰርተፊኬቱን ይዞ ይመለስና በሳምንቱ በዚያው በድሮው ነገር፣ በዚያው በድሮው ቃል ይጣላል። ገንዘቡም ጊዜውም ያሳዝናል፤ ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን «እኔ በቃ አልለወጥም» ብሎ ተስፋ መቁረጡ ነው።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት አንድ ነገር እዩ። ነገሩ የሚበላሽባችሁ የቱ ጋ ነው?

መጀመሪያ ራሳችሁን እዩ

አንዳንዱ ሰው ቃል ያጣል። አለቃው ዓርብ ከሰዓት ሥራ ደርቦ ሲሰጠው «እሺ» ብሎ ይወጣና ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ለሌላ ሰው ያማርራል። ሌላዋ አማቷ ቤቷ መጥተው ስለ ልጅ አስተዳደጓ ሲናገሩ ዝም ትልና ማታ ባሏ ላይ ትፈነዳለች። እነዚህ ሰዎች ክፉ አይደሉም፣ ፈሪም አይደሉም። ነገሩን በምን ቃል እንደሚጀምሩት አያውቁም፣ ይሉኝታውም ይይዛቸዋል። የሚያስፈልጋቸው ዕውቀትና ትንሽ ልምምድ ነው።

ሌላው ቃሉን በደንብ ያውቃል። ረጋ ባለበት ሰዓት ብትጠይቁት ከአሰልጣኝ በላይ ያስረዳችኋል። ንዴት ሲመጣ ግን ሁሉም ይጠፋዋል። ይሄ የሰውነትም ጉዳይ ነው። ባለትዳሮች ሲጨቃጨቁ እየቀረጹ፣ የልብ ምታቸውን እየለኩ ለብዙ ዓመታት ያጠኑት አሜሪካዊው ጆን ጎትማን፣ የልብ ምት በደቂቃ ከ100 ሲያልፍ ሰው የሚባለውን በትክክል መስማት እንደሚያቅተውና ለመረጋጋት ቢያንስ 20 ደቂቃ እንደሚያስፈልገው ይናገራሉ። እንዲህ ላለ ሰው አሥር መጽሐፍ ብትሰጡት አይጠቅመውም። ሰው ፊት፣ ደጋግሞ፣ እየታረመ መለማመድ አለበት።

ሦስተኛው ነገሩ ከሁለቱ ሰዎች እጅ የወጣበት ነው። ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ምክንያት ተኳርፈው ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። ባልና ሚስት በልጆቻቸው በኩል ነው የሚነጋገሩት። ሁለት የክፍል ኃላፊዎች በኢሜይል ካልሆነ አይገናኙም። እዚህ ደረጃ ላይ አንደኛው ወገን ብቻውን ኮርስ ቢወስድ ሌላው «ደግሞ ምን ተምራ መጣች» ነው የሚለው። መጀመሪያ ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋል፣ ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

አራተኛውን ለይቼ ነው የማየው። ከምትነጋገሩት ሰው ጋር ስትሆኑ የምትፈሩ ከሆነ፣ ማለትም የሚመታችሁ፣ የሚያስፈራራችሁ፣ ስልካችሁንና ገንዘባችሁን የሚቆጣጠር ሰው ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለእናንተ አይደለም። የመነጋገር ችሎታ ሁለቱም ወገን ያለ ፍርሃት «አይ» ማለት በሚችልበት ቦታ ነው የሚሠራው። የምትመታ ሴት «አነጋገርሽን አስተካክይ» ስትባል ጥፋቱ ወደ እሷ ይዞራል። ሽምግልናም ቢሆን እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ብዙ ሴቶችን ወደ አደጋ መልሷል። መጀመሪያ ደኅንነት ነው፤ የሚያምኑት ዘመድ፣ ፖሊስ፣ የሕግ ድጋፍ። አገር ቤት የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

መጽሐፍና ኦንላይን ኮርስ፦ ቃል ለሚያጣ ሰው

ይሄ ርካሽ ነው፣ ለመጀመሪያው ዓይነት ሰውም በቂ ሊሆን ይችላል። የሚያስተምሩት ብዙ ቢመስልም መሠረቱ ጥቂት ሐሳብ ነው። እነሱን ካወቃችሁ ማንኛውንም ኮርስ ከመክፈላችሁ በፊት መመዘን ትችላላችሁ።

አንደኛው ከሃርቫርድ የመጣው የድርድር ሐሳብ ነው። ሮጀር ፊሸርና ዊልያም ዩሪ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ነው የታወቀው። ሰው አፍ አውጥቶ የሚጠይቀውን ነገርና ያንን ያስጠየቀውን ምክንያት ለዩ ነው የሚለው። ዱባይ ያለ ወንድምና አዲስ አበባ ያለች እህት በገንዘብ ተጣሉ እንበል። እሷ «በየወሩ ላክ» ትላለች፣ እሱ «አልችልም» ይላል። እዚህ ላይ ከቆዩ መፍትሔ የለም። ምክንያቱ ሲጠየቅ ግን የእሷ ጭንቀት የእናታቸው መድኃኒት እንዳይቋረጥ ነው። የእሱ ቅሬታ የላከው ገንዘብ የት እንደገባ አለማወቁ ነው። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱን እሱ በቀጥታ ለመድኃኒት ቤቱ እንዲከፍል፣ የቀረውን ደግሞ ሲችል እንዲልክ መስማማት ይቻላል። ጠቡ የነበረው «በየወሩ» በሚለው ቃል ላይ ነበር፣ ችግሩ ግን እዚያ አልነበረም። ለሥራ ቦታና ለውርስ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላየሁም።

ሁለተኛው የሥነ ልቦና ባለሙያው ማርሻል ሮዘንበርግ ያስተማሩት አራት እርምጃ ነው፦ ያየኸውን ተናገር፣ የተሰማህን ተናገር፣ የሚያስፈልግህን ተናገር፣ ግልጽ ጥያቄ ጠይቅ። በጣም ጥሩ ነው። ግን አንዳንድ አሰልጣኝ ቃል በቃል ያስተምረውና ሰው ቤቱ ገብቶ «የመከበር ፍላጎቴ ስላልተሟላ ስሜቴ ተጎድቷል» ሲል የቤቱ ሰው ግራ ይጋባል። ማንም በአማርኛ እንዲህ አያወራም። እኛ ቤት ውስጥ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ «ትናንት እንግዶቹ ፊት ‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ› ስትለኝ በጣም ከፋኝ። የማትስማማበት ነገር ካለ ለብቻችን ስንሆን ንገረኝ።» ሰው ፊት መከበር መፈለጓ በስም ባይጠራም አራቱም እዚህ ውስጥ አሉ፣ ግን ሰው የሚያወራው አማርኛ ነው። ኮርስ ስትመርጡ አስተማሪው ምሳሌውን በዚህ ዓይነት አማርኛ ይሰጣል ወይ ብላችሁ እዩ።

ሦስተኛው በ1974 እ.ኤ.አ. ኬኔት ቶማስና ራልፍ ኪልማን ያወጡት መጠይቅ ነው። 30 ጥንድ ዐረፍተ ነገር ይሰጣችሁና ከአምስት የግጭት ጠባይ የትኛው እንደሚበዛባችሁ ያሳያል፦ መጋፈጥ፣ መተባበር፣ መሀል ላይ መገናኘት፣ መሸሽ፣ ለሌላው መልቀቅ። ለመሥሪያ ቤት ቡድን ጥሩ ወሬ ያስከፍታል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ኮርስ ድረ ገጽ ላይ የሚሺጋንና የዬል ዩኒቨርሲቲዎች የድርድር ኮርሶች አሉ፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው። እንግሊዝኛችሁ የማያስቸግራችሁ ከሆነ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከሚሰጥ ብዙ ሥልጠና ይበልጣሉ። ከአገር ቤት በዶላር መክፈል ስለሚያስቸግር የገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያውን ቅጽ ሙሉ፤ መልሱ እስኪመጣ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በአማርኛ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ ያለው ግን ድብልቅልቅ ነው። የምለይበት መንገድ ቀላል ነው። ቪዲዮው ሁለት ሰው ሲነጋገር ካሳየ፣ «እንዲህ ስትል እንዲህ ይላል፣ በዚህ ፋንታ እንዲህ በል» ካለ፣ እመለከተዋለሁ። ስለ ፍቅርና ስለ መከባበር ብቻ የሚሰብክ ከሆነ እዘጋዋለሁ፣ ምክንያቱም መከባበር ጥሩ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ የቸገረን ሰኞ ጠዋት ስምንት ሰው በተቀመጠበት ስብሰባ ላይ በምን ቃል እንደምንከባበር ነው።

የዚህ አማራጭ ጉድለት አንድ ነው፣ ግን ትልቅ ነው። ማንም አያርማችሁም። ድምፃችሁ መቼ እንደሚጠነክር፣ ፊታችሁ መቼ እንደሚጠቁር መጽሐፉ አያይም።

የሁለት ቀን ሥልጠና፦ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ

መሥሪያ ቤቶች ይሄን ይወዳሉ። አዳራሽ ይከራያሉ፣ ሻይ ቡና አለ፣ ስላይድ አለ፣ በመጨረሻ ፎቶ ይነሳሉ። አንዳንዱ ሥልጠና በእውነት ሰው ይለውጣል። ብዙው ግን አይለውጥም። ልዩነቱን ስልክ ደውላችሁ ማወቅ ትችላላችሁ።

ከጊዜው ምን ያህሉ ልምምድ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ግማሽ ካልሞላ ተዉት። ሰልጣኙ ስንት ነው? ከሃያ ካለፈ ለእያንዳንዱ ሰው ተራ አይደርስም። አሰልጣኙ ራሱ ሰው አስታርቆ ያውቃል ወይ፣ ሠራተኛ መርቶ ያውቃል ወይ? ከወር በኋላ ተመልሶ የሚያያችሁ አለ ወይ? ይሄ የመጨረሻው ነው ዋናው። ሁለት ቀን የተማረ ሰው አዲሱን አነጋገር አንድ ሁለት ጊዜ ይሞክረዋል፣ ካልሠራለት ወደ ድሮው ይመለሳል። ያልሠራለት ለምን እንደሆነ የሚያነጋግረው ሰው ካገኘ ግን ይቀጥላል።

ለአለቆችና ለኤችአር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ሰዎች አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ሲባክን አያለሁ። ሁለት ክፍሎች አንድ መኪና ተጋርተው በየቀኑ የሚጣሉ ከሆነ ችግራቸው ተግባቦት አይደለም፣ መኪናው ነው። የማን ሥራ እንደሆነ ያልተጻፈ ሥራ ላይ ሰዎች ሲወነጃጀሉ የመደማመጥ ሥልጠና መስጠት እንደ ስድብ ነው የሚሰማቸው። መጀመሪያ ፕሮግራም አውጡ፣ የሥራ ዝርዝሩን ጻፉ፣ ማን ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ ወስኑ። ጠቡ ከዚያ በኋላም ከቀጠለ ያኔ ሥልጠናው ቦታ አለው። የደመወዝ ወይም የስንብት ክርክር ከሆነ ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያስቀመጠው የክርክር መፍቻ መንገድ አለ፣ እሱን ተከተሉ።

የልምምድ ጓደኛ፦ እኔ ብሆን ከዚህ እጀምራለሁ

ገንዘብ አያስወጣም፣ ለሁለተኛው ዓይነት ሰው፣ ማለትም እያወቀ በንዴት ሰዓት ለሚጠፋው ሰው፣ ከሁሉም የሚሻለው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ማንም እንደ አማራጭ አይቆጥረውም፣ ሰርተፊኬት ስለሌለው ይመስለኛል።

እንዲህ ነው። የምታምኑትን አንድ ሰው ምረጡ፤ የትዳር ጓደኛችሁ ባይሆን ይሻላል። በዚህ ሳምንት ልትነጋገሩበት ያለውን እውነተኛ ጉዳይ አውጡ፣ ለምሳሌ አለቃችሁን ፈቃድ መጠየቅ። ጓደኛችሁ አለቃችሁን ሆኖ ይጫወት። እንዴት እንደሚመልስ ንገሩት፤ «ፊቱን ሳያነሳ ነው የሚያናግረኝ፣ ‹አሁን ጊዜ የለኝም› ይለኛል» በሉት። ሦስት ደቂቃ ያህል ተነጋገሩ። ከዚያ አቁሙና ጓደኛችሁ «ጥሩ ነው» ወይም «አይ እንዲህ አይባልም» እንዳይል ተስማሙ። የሚነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የቱ ቃል ላይ ሲደርሱ ልቡ እንደዘጋ። «‹ሁልጊዜ› ስትይ መስማት አቆምኩ።» «‹ሌሎቹማ ይፈቀድላቸዋል› ስትል ተናደድኩ።» ያንን ቃል ቀይራችሁ እንደገና ጀምሩ። በሦስተኛው ላይ ድምፃችሁ ራሱ ይለወጣል። ስልክ ላይ ቀድታችሁ ብትሰሙት ደግሞ ሌላ ሰው የሚሰማውን እናንተም ትሰሙታላችሁ።

የማዳመጥ ልምምዱም አብሮ ይሂድ። ሕጉ አጭር ነው፦ የሰማችሁትን መልሳችሁ ሳትናገሩና ሰውየው «አዎ፣ እንደሱ ነው» ሳይላችሁ መልስ አትስጡ። ይሄን ከውጭ የመጣ ነገር አድርጎ የሚያየው ሰው አለ። አፋሮች ግን ዳጉ አላቸው። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች የፈለገ ቢቸኩሉ ይቆማሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ወሬ ይለዋወጣሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው በጥሞና ያዳምጣል፤ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ለቀጣዩ ማድረስ አለበትና። ወሬ አዛብቶ ያስተላለፈ ሰው ተዓማኒነቱን ያጣል። አብዛኛው የቤት ጠብ «እንዲህ ብሏል አሉ» በሚል ወሬ የሚጀምር ስለሆነ፣ ያየሁትን ያየሁት፣ የሰማሁትን የሰማሁት ብሎ መናገር ብቻውን ብዙ ቤት ያድናል።

ከአንድ ጓደኛ ይልቅ ቡድን የምትፈልጉ ከሆነ ቶስትማስተርስ አለ። በ1924 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ነው፣ አዲስ አበባም ክለቦች አሉት። ዓላማው ሰው ፊት መናገር ነው እንጂ ግጭት መፍታት አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ንግግር በሌላ አባል ይገመገማል፤ ጥሩውንም ጉድለቱንም፣ ሰው ሳይሰበር። ትችት መስጠትና መቀበል ለሚከብደው ሰው ይሄ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። እኛ አገር መሥሪያ ቤት ውስጥ ግምገማ ሲባል ብዙ ሰው ሆዱ ይረበሻል፣ ምክንያቱም ያየነው ግምገማ ሰው የሚዋረድበት ነበር። ሳያዋርዱ መተቸት እንደሚቻል በዓይን ማየት ይጠቅማል።

ከቤተሰብ ተለይተው ባሕረ ሰላጤ አገሮች ወይም ሌላ ቦታ ለሚኖሩት ደግሞ ልምምዱ በድምፅ መልእክት ላይ ቢሆን እመክራለሁ። ብዙው የእህት ወንድም ጠብ የሚነሳው ሌሊት በድካም በተላከ የድምፅ መልእክት ነው። ላኪው ተናግሮ ይተኛል፣ ተቀባዩ ደጋግሞ ይሰማዋል፣ ለሌላ ዘመድም ያሰማል። የገንዘብና የቅሬታ ነገር ሲሆን ቀድታችሁ ወዲያው አትላኩ፤ ራሳችሁ ስሙት፣ ጠዋት እንደገና ስሙት፣ ወይ ደግሞ ደውሉ።

የትዳር ወይም የቤተሰብ አማካሪ

የቤት ጉዳይ ላይ ነገሩ የከረመ ከሆነ፣ ግን ሁለታችሁም አሁንም አንድ ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ፈቃደኛ ከሆናችሁ፣ ከሥልጠና ይልቅ አማካሪ ይሻላል። አማካሪው የሚያየው ጠቡን በቀጥታ ነው። «እስቲ ባለፈው የተጣላችሁበትን አሁን ተነጋገሩበት» ብሎ ያስቀምጣችኋል፣ ከዚያ የት ላይ እንደሚሰበር ያሳያችኋል።

ከላይ የጠቀስኳቸው ጎትማን ትዳርን የሚያፈርሱ አራት ጠባዮችን ለይተዋል፦ ሰውን እንጂ ድርጊቱን ያልነካ ወቀሳ፣ ንቀት፣ ራስን መከላከልና ዝም ብሎ መዝጋት። ከአራቱ ንቀትን ነው የፍቺ ዋና ምልክት የሚሉት። የእኛን ቤት ካየን አሽሙሩ፣ «ኤዲያ» ብሎ ፊት ማዞሩ፣ ዘር ቆጥሮ «ያው የእናትህ ልጅ አይደለህ» ማለቱ ሁሉ ንቀት ነው። ኩርፊያው ደግሞ አራተኛው ነው። በዚያው ጥናት ላይ ባለትዳሮች ከሚጨቃጨቁበት ነገር ወደ 69 በመቶው መቼም የማይፈታ፣ ከጠባይና ከአስተዳደግ የመጣ ልዩነት ነው። ይሄን ማወቅ ሸክም ያቀልላል። አማካሪ ጋ ስትሄዱ «ባሌ ቆጣቢ እንዲሆን» ብላችሁ አትሂዱ። ገንዘብ የሚበትን ሰውና ቆጣቢ ሰው ሃያ ዓመት አብረው መኖር ይችላሉ፤ ማወቅ ያለባቸው ሳይናናቁ መነጋገርን ነው።

አማካሪ ስትመርጡ ትምህርቱን ጠይቁ፤ በምክር ሥነ ልቦና ወይም በማኅበራዊ ሥራ የተማረ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ቀን ላይ ሁለታችሁንም እኩል አናግሯል ወይ? አንዳችሁ ጥፋተኛ፣ ሌላችሁ ምስክር ሆናችሁ ከወጣችሁ ሌላ ፈልጉ። ምስጢር አጠባበቁን በግልጽ ጠይቁ። ውጭ አገር፣ በተለይ ሁሉም በሚተዋወቅበት ማኅበረሰብ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ፣ የእናንተው ቤተ ክርስቲያን ወይም ዕድር አባል ያልሆነ ሰው ብትመርጡ ልባችሁ ይከፈታል። አሜሪካ የምትሠሩ ሰዎች ደግሞ ኤችአር ጠይቁ፤ ብዙ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛና ለቤተሰቡ የተወሰነ ቁጥር ያለው ነጻና ምስጢራዊ ምክር ይሰጣሉ። ብዙ ወገናችን ይሄ መብት እያለው ሳይጠቀምበት ይቀራል።

የንስሐ አባት ወይም የመስጊድ ኢማምስ? ለብዙ ሰው የመጀመሪያው በር እነሱ ናቸው፣ ጥሩ አባት ያለው ሰውም ዕድለኛ ነው። የሚታመኑ ናቸው፣ ነገር ያበርዳሉ፣ ለይቅርታ ልብ ያዘጋጃሉ። ነገር ግን በየቀኑ ስለምትነጋገሩበት መንገድ እየተከታተሉ ማሰልጠን ሥራቸው አይደለም። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሽማግሌ

ሽምግልናን የኋላ ቀር ነገር አድርጎ የሚያይ የከተማ ሰው አለ። አልስማማም። ነገሩ ከሁለት ሰው አልፎ ቤተሰብ ውስጥ ከገባ፣ በተለይ ንብረትና ዘመድ ካለበት፣ ከሽማግሌ የሚበልጥ የለም። አማካሪው ሁለታችሁን ያስታርቃል፤ አክስታችሁን ግን አያስታርቅም። ሕጉም ቦታ ሰጥቶታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ ለጠየቁ ባልና ሚስት ፍርድ ቤቱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች በኩል እንዲታረቁ ማድረግ እንደሚችል፣ ያ ካልሆነም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ከ2013 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ ባለሙያ አስማሚዎች የሚሠሩበት ፍርድ ቤት መር አስማሚነት አላቸው።

ጥሩ ሽማግሌ ምን ያደርጋል? ለየብቻ ይሰማል። አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ ያደርጋል። ከአንዱ የሰማውን መራራ ቃል አለስልሶ ለሌላው ያደርሳል። ይቅርታው ከመባሉ በፊት በደሉ እንዲነገር ያደርጋል። መጥፎ ሽማግሌ ደግሞ ቶሎ «ይቅር ተባባሉ፣ እግር ሳም» ብሎ ይጨርሳል፤ ነገሩ ሆድ ውስጥ ቀርቶ በዓመቱ ይፈነዳል። ስለዚህ ዕድሜውንና ሀብቱን አይታችሁ ብቻ አትምረጡ። ሁለታችሁም የየራሳችሁን ሰው ምረጡ፣ ከመካከላቸው ሴት ትኑር፣ አፋቸው የሚታመን ይሁኑ።

ሽምግልና ችሎታ መማሪያም መሆኑን ሰው ይረሳል። ሰፈራችሁ ውስጥ ሰው የሚያስታርቅ የታወቀ አዋቂ ካለ «አብሬ ልቀመጥ፣ ልላክ» በሉት። ባለጉዳዮቹ ከፈቀዱ ደስ ይለዋል። እንዴት ዝም እንደሚል፣ መቼ ቡና ይምጣ እንደሚል፣ የትኛውን ጥያቄ ለሁለተኛ ቀን እንደሚያቆየው ታያላችሁ። ይሄ በየትኛውም ኮርስ ውስጥ የለም። ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ የማኅበረሰብ የሽምግልና ማዕከሎች በነጻ ያገለግላሉ፣ በጎ ፈቃደኞችንም ያሰለጥናሉ፤ አማርኛ የሚችል ሸምጋይ በጣም ይፈለጋል። እስራኤል ያላችሁ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤተሰብ ክስ ከመቀጠሉ በፊት በፍርድ ቤቱ የእርዳታ ክፍል እስከ አራት ነጻ ስብሰባ ይደረጋል። ብዙ ሰው እንደ ፎርማሊቲ ያልፈዋል፣ ግን በደንብ ተዘጋጅቶ ለገባ ሰው ትልቅ ዕድል ነው።

እንግዲህ የቱን?

አዲስ አለቃ የሆነ ሰው ከሆናችሁ፦ አንድ የድርድር ኮርስ ኦንላይን፣ ከዚያ የልምምድ ጓደኛ። የሁለት ቀኑን ሥልጠና መሥሪያ ቤቱ ከከፈለ ሂዱ፣ ከኪሳችሁ ከሆነ አትሂዱ።

አማትና ምራት፣ ወይም እህትማማች ሆናችሁ ነገሩ ገና ትኩስ ከሆነ፦ ቃሉን ተለማምዳችሁ ራሳችሁ ተነጋገሩ። ሽማግሌ ቶሎ መጥራት ትንሹን ነገር ትልቅ ያደርገዋል።

ትዳር ውስጥ በየሳምንቱ በዚያው ነገር የምትጣሉ ከሆነ፦ አማካሪ፣ አብራችሁ። አንዳችሁ እምቢ ካላችሁ ፈቃደኛው ብቻውን ይጀምር፤ የአንድ ሰው አመላለስ ሲቀየር ጭቅጭቁም ቅርጹ ይቀየራል። የ20 ደቂቃውን ዕረፍት ግን ዛሬውኑ ጀምሩ። «ተናድጃለሁ፣ ቡና ጠጥቼ እመለሳለሁ» ብላችሁ ውጡ፣ በተባለው ሰዓትም ተመለሱ። ሳይናገሩ መውጣት ኩርፊያ ነው፣ ተናግሮ መመለስ ዕረፍት ነው።

ውጭ አገር ከሚያድጉ ልጆቻችሁ ጋር የማትግባቡ ከሆነ፦ መጽሐፉንም ሽማግሌውንም ተዉት። ልጁ ከእናንተ ዕድሜ በላይ የሆኑ ሦስት ሰዎች ተደርድረው ሲጠብቁት ፍርድ ቤት የቀረበ ነው የሚመስለው። ትምህርት ቤት ያለው አማካሪ ጋ ሂዱ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ መልሶ የመናገሩን ልምምድ ጀምሩ፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ያለውን እናንተ በአማርኛ መልሳችሁ ንገሩት።

ውርስ፣ ቤት፣ የጋራ ንግድ፦ ሽማግሌ፣ ስምምነቱም በጽሑፍ፣ በፊርማ፣ በምስክር።

የመረጣችሁት እየሠራ መሆኑን የምታውቁት ጠቡ በመቅረቱ አይደለም፤ አይቀርም። ኩርፊያው ስንት ቀን እንደሚቆይ ተመልከቱ። ድሮ ሳምንት ይፈጅ የነበረው ወደ አንድ ሌሊት ከወረደ ቀጥሉበት። ሁለት ወር ሞክራችሁ ያው ከሆነ ዘዴውን ቀይሩ፤ የሚበላሽባችሁ ቦታ መጀመሪያ ያሰባችሁት ላይሆን ይችላልና ወደዚያ ጥያቄ ተመለሱ።